ስልኩ መቼ ከኪስ ይውጣ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ታካሚ አጠገብ ቆሞ የሕክምና ማጣቀሻ አፕ መክፈቱ ይደገፋል ወይስ አይደገፍም? አንዲት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ ትደግፋለች። ለብዙ ዓመታት ሬዚደንቶችን ያስተማሩ ስፔሻሊስት ይቃወማሉ።

ሬዚደንቷ፦

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰ ወጣት በስኳር ሕመም ምክንያት ደሙ አሲድ በዝቶበት፣ በተለምዶ ዲኬኤ የምንለው ሆኖ ገብቷል። ትንፋሹን ከሆዱ ነው የሚስበው። ከዚያ በፊት በዚያው ሌሊት ሁለት ጽኑ ታካሚዎች ተቀብያለሁ። ፈሳሹ ተከፍቷል፤ እጄ ኢንሱሊን ሊያዝ ተዘጋጅቷል። መጠኑን ለማረጋገጥ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ከመጠኑ በላይ የተጻፈው ግን ስለ ፖታሲየም ነበር፤ ከ3.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ፖታሲየሙን ተኩ፣ ኢንሱሊኑን አቆዩት ይላል። የላብራቶሪው ወረቀት ከጎኔ ነው፤ 2.9 ይላል። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ያስገባል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ብሰጠው የልቡ ምት ሊዛባ ይችል ነበር።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አይደለም። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አብሮኝ አልነበረም። ዶክተር፣ እርስዎ «በቃላችሁ ያዙ» ሲሉን የሚያስቡት እንቅልፍ የጠገበ ሐኪም ነው።

በቃል የተያዘም ይሻግታል። ይኸው የፖታሲየም ወሰን ለዓመታት 3.3 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት ከሌሎች ጋር ባወጡት ስምምነት 3.5 ሆነ፤ ዲኬኤ ለማለት የሚፈለገው የደም ስኳርም ከ250 ወደ 200 ወረደ። የተማሪነት ደብተሬ ዛሬም 250 ነው የሚለው።

መምህሩ፦

ያን ሌሊት ስልክሽን በማውጣትሽ አልነቅፍሽም፤ መድኃኒት ከማዘዝሽ በፊት ማረጋገጥሽ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ስልኩ ከእጅና ከዓይን ቀድሞ መውጣቱ ነው።

በአንድ ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎችን አልጋ በአልጋ እየዞርን ስናይ፣ አንድ ኢንተርን፣ ገና ጀማሪ ሠልጣኝ፣ ኬዝ አቀረበልኝ፤ ታካሚው የስድሳ ዓመት ሰው፣ ስድሳ ኪሎ የሚመዝን። «ኩላሊቱ የሚያጣራው በደቂቃ 0.44 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለዲያሊሲስ፣ ለኩላሊት እጥበት፣ ላማክር ነው» አለኝ። 0.44 ማለት ኩላሊቱ ቆሟል እንደማለት ነው። አልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ቦርሳ ግን ከግማሽ በላይ ሞልቶ ይታያል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ቁርሱን እየበላ ነው። ክሪአቲኒኑን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ቆሻሻ መጠን፣ ስጠይቅ 150 ነው አለ። ላብራቶሪው የጻፈው በማይክሮሞል መለኪያ፣ አፑ የጠየቀው በሚሊግራም መለኪያ። 150 ለ88.4 ሲካፈል 1.7 ነው፤ በዚያ ስናሰላው 39 ወጣ። 39 የመድኃኒት መጠን የሚያስቀንስ ቁጥር ነው እንጂ ዲያሊሲስ የሚያስጠራ አይደለም።

አፑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው ያሰላው። ልጁ ግን 0.44 ሲያይ ክው ሊል ይገባው ነበር። ክው የሚያደርግ ነገር ደግሞ ስልክ ላይ አይጫንም፤ ብዙ ታካሚ አይቶ፣ ብዙ ቁጥር በራሱ አስልቶ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንዱን የተማሪ ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ሲያበቃ ሳያይ እንዲያስታውስ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ጥያቄው ሳያልቅ ስልክ የሚከፍት ሠልጣኝ ያንን ትግል ነው የሚያጣው። ዛሬ መልሱን ያገኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ እንደ አዲስ ይፈልጋል።

ሬዚደንቷ፦

ዶክተር፣ ያ ኢንተርን በወረቀት ቢያሰላም በተሳሳተው መለኪያ ያሰላ ነበር። ስልኩን መከልከል ቦርሳውን እንዲያይ አያደርገውም።

ክልከላው የሚያመጣውን ግን ልንገርዎት፤ እርስዎ አያዩትምና። እኛ የምናነበው መጸዳጃ ቤት ገብተን ነው። የዋርዱ በር ጀርባ ቆመን፣ አንድ ጆሯችን ኮቴ እያዳመጠ። ሲኒየሩ «ይህንንም አታውቂም?» እንዳይለን ፈርተን። ተደብቆ የሚነበብ ነገር በጥድፊያ ይነበባል፤ ለሕፃን የተጻፈውን መጠን ለአዋቂ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን በአፍ አድርጎ ማንበብ ከዚህ ነው የሚመጣው። እኔ ራሴ አንድ መስመር ዘልዬ አንብቤ አውቃለሁ፤ የመድኃኒት ክፍሏ ባለሙያ ባትይዘው ኖሮ ለታካሚ ይደርስ ነበር። የመድኃኒቱን ስም ብትጠይቁኝ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል።

ታካሚው ይታዘበናል የሚል ነገርም ይነሳል። ዝም ብለን ስልክ ብንነካካ እውነቱን ነው፤ መልእክት የምንላላክ ነው የሚመስለው። አሁን ሕፃን ሲታከም የማደርገው ስክሪኑን ወደ እናትየው አዙሬ «የልጅሽን ክብደት አስገብቼ መጠኑን እያረጋገጥኩ ነው» ማለት ነው። አንዷ «ዘጠኝ ኪሎ አይደለም፣ ትናንት ሲመዘን ስምንት ተኩል ነው» ብላ አርማኛለች።

መምህሩ፦

የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ነካኝ። «ይህንንም አታውቂም?» ብዬ አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣውም።

አቋሜን ግን አልለቅም። በሳንባ የደም ሥር የረጋ ደም መኖሩን ለመገመት የምትጠቀሙበትን የዌልስ ነጥብ እይው። ጠቅላላው 12.5 ነው። ከዚያ ውስጥ 3ቱ «ከሌላ ሕመም ይልቅ ይህ ይመስለኛል» ስትይ የምትሰጪው ነው፤ ሌላ 3 እግሩን ገልጠሽ ዳብሰሽ የምታገኚው። ግማሽ የሚጠጋው ካንቺ ነው የሚመጣው። የሳንባ ምችን ክብደት የምትለኩበት ከርብ-65ም በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ለሚተነፍስ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ በየካርዱ ላይ የማየው ግን ሁሉም ሰው 20 ሲተነፍስ ነው። ማን ቆጠረ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አፑ ደግሞ አይጠረጥርልሽም። ሳትጠረጥሪ የትኛውን ገጽ ትከፍቻለሽ?

ስለዚህ ሠልጣኝ ሁሉ አፑን ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሚመስለውና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያ ይክፈት፣ ያወዳድር።

ሬዚደንቷ፦

ለምርመራው እስማማለሁ፤ ቢከብደኝም ይጠቅመኛል። ለሕክምናው ግን አልስማማም። ያን ሌሊት ቀድመሽ ጻፊ ብባል የምጽፈው «ኢንሱሊን» ነበር።

መምህሩ፦

ጽፈሽው ከዚያ ስልኩ ሲያርምሽ ብታዪ ኖሮ ዕድሜ ልክሽን አትረሽውም ነበር።

ሬዚደንቷ፦

ከእኔ በፊት ነርሷ ብታነበውስ?

መምህሩ፦

በማዘዣው ላይ አላልኩም፤ በኪስ ደብተርሽ። በሚቀጥለው ራውንድ ስልክሽን በግልጽ ያዢ፣ ማንም አይናገርሽም። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ግን ደብተርሽን ነው።

ሬዚደንቷ፦

ደብተሬን እይዛለሁ። ማዘዣ ስጽፍ ግን ስልኩ ይቀድማል።