ጠብታውና ተከራካሪው

«ሰው ከተናቀ ውሃ መፈጠሩን ቁርኣን ይህን ያህል ደጋግሞ የሚያነሣው ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀን በባሕር ዳር ባዮሎጂ የሚያስተምር ወዳጃችን ነው። ከመግሪብ ሶላት ወጥተን ዒሻእ እስኪደርስ ጣና ዳር ተቀምጠን ነበር፤ ኢማሙ በሶላቱ ያነበቡት የቁርኣን ምዕራፍ ሱረቱል ሙርሰላት ስለነበረ፣ ከተናቀ ውሃ አልፈጠርናችሁምን የሚለው 20ኛው አንቀጽ ገና ከጆሯችን አልጠፋም። መምህሩ እንደሚለው ለዛሬ ወጣት የሚበጀው የሱረቱል ሙእሚኑን ከ12 እስከ 14 ያለው ቃል ነው፤ ከነጠረ ጭቃ ተነሥቶ ጠብታውን (የዘር ፈሳሹን)፣ የረጋውን ደም፣ ቁራጩን ሥጋ፣ አጥንቱንና አጥንቱን የሚያለብሰውን ሥጋ በተራ ስለሚዘረዝር ለዕውቀት ይጋብዛል፤ «የተናቀ» የሚለው ግን ብቻውን ሲነገር በራሱ የማይተማመነውን ልጅ ይበልጥ እንዳያሳንሰው ይሠጋል።

አብረውን የነበሩት አዛውንት ሐጂ እስኪጨርስ ታገሡትና፣ «ልጄ፣ ቃሉ ለማን እንደተነገረ እይ እንጂ» አሉት። ቀጥለውም ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚ ሊቃውንት) ስለ ሱረቱ ያሲን ከ77ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስላለው ቃል የሚያወሱትን ነገሩን፤ ከቁረይሽ ባላባቶች አንዱ የበሰበሰ አጥንት ይዞ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ፣ በእጁ እየፈረፈረ፣ ይህን ማን ሕያው ያደርገዋል ሲል ሞገታቸው፤ መልሱም መጀመሪያ ያስገኘው ጌታ ነው የሚል ሆነ። ጠብታው የተነሣው አጥንት ጨብጦ ለቆመው፣ የራሱን አፈጣጠር ግን ለረሳው ለዚያ ተከራካሪ ነው።

እስከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው፣ ቤተሰቡ የደንገል ታንኳ የሚሠራ የነገደ ወይጦ ወጣት ይህን ጊዜ ወደ መምህሩ ዞረ። «ጋሼ፣ እኔን ያሳነሰኝ ሰው እንጂ አንቀጹ አይደለም። ዘሬን እየጠቀሰ ከእኔ ጋር ማዕድ መቅረብ የሚጸየፍ ነበር። ኢብሊስም (ሰይጣን) ለአደም አልሰግድም ያለው እኔ ከእሳት፣ እርሱ ከጭቃ ብሎ ነው። ባላባቱም እኔም ከዚያው ጠብታ መሆናችንን ስሰማ እኔ ቀና እላለሁ» አለው። መምህሩ በዚህ አልተከራከረም።

የመምህሩን ሐሳብ እኔም አልንቀውም፤ አንዲት ሕዋስ በማኅፀን ውስጥ ተከፋፍላ ልብና ዐይን መሆኗን ማወቅ የአላህን ችሎታ አጉልቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ ቁርኣን ደረጃዎቹን ቆጥሮ በዚያ አያቆምም። መምህሩ ከጠቀሳቸው አንቀጾች ቀጥለው የሚመጡት 15ኛውና 16ኛው ወዲያው ወደ ሞትና ወደ ትንሣኤ ይሻገራሉ፤ ሱረቱል ቂያማም ጠብታውን አንሥቶ የሚያበቃው ይህን ያደረገ ጌታ ሙታንን ሕያው ማድረግ አይችልምን በሚል ጥያቄ ነው። መነሻውን ከፍ አድርገን ብንናገር ጥያቄው ጉልበቱን ያጣል፤ የፈጣሪ ኃይል የሚታወቀው ከቁም ነገር ከማይቆጠር ነገር አሳቢና ተናጋሪ ሰው በማውጣቱ ነውና። ያሲንን በቃሉ እየቀራ የጎረቤቱን ዘር የሚያናንቅ ሰው ደግሞ፣ በእኔ ዕይታ፣ ቦታው አጥንቱን ከፈረፈረው ሰው ጎን ነው። ይህንኑ በጁሙዓ ኹጥባ (ስብከት) እንዲያነሡት ለኢማሙ እንዲነግሩልን ሐጂውን ለምነናቸዋል።