ሰኞ ይጀመራል

ጓደኛዬ ለጂማት መዘጋጀት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሞልቶት አራተኛውን ይዟል። እንኳን አደረሰው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ጂማት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለኤምቢኤና ለመሳሰለው ተማሪ ሲመርጡ የሚያዩት ፈተና ነው። 64 ጥያቄ አለው። 21 የሒሳብ፣ 23 የቋንቋ፣ 20 ደግሞ ሠንጠረዥና ግራፍ እያገላበጡ የሚመልሱት የዳታ ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ይሰጣል። ሲደመር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ እኛ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የዛሬው ጫት ከትናንቱ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ክርክር እንኳ አያልቅም።

ለእንዲህ ያለች አጭር ፈተና ሦስት ዓመት መስጠት ትልቅነት ነው። ፈረንጅ ሁለት ሦስት ወር ያጠናና ገብቶ ይወጣል። ችኩል ነው።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ዕቃ አሟላ። ታይዋን ገበያ ገብቶ አምስት ደብተር፣ ባለ ብዙ ቀለም እስክሪብቶ፣ ጆሮ የሚደፍን ሄድፎን፣ አንድ ፍላሽና አንድ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ገዛ። ካልኩሌተሯ ሳይን አላት፣ ኮሳይን አላት፣ የሌላት ነገር የለም። ጂማት በሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር አይፈቅድም። በዳታው ክፍል የሚፈቀደውም እዚያው ስክሪኑ ላይ ያለው ነው እንጂ ከቤት ይዞ መግባት የለም። ይህን ስነግረው «አቦ፣ ለልምምድ ነዋ!» አለኝ። እውነቱን ነው። የበርጫ መዋጮ ስናካፍል እስካሁን አንድ ብር አሳስታን አታውቅም።

ቀጥሎ መጽሐፍ መጣ። አሥራ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገብቶ የተለቀቀውን ፒዲኤፍ ሁሉ አወረደ። በጥንቃቄ ነው የያዛቸው። አንዱንም ከፍቶ አላበላሸም። የፈተናው ባለቤቶች ሁለት የሙከራ ፈተና በነጻ ይሰጣሉ። እነሱንም አልነካቸውም። «ከሠራኋቸው አለቁ ማለት ነው» ይላል። እናቶቻችን የእንግዳ ሲኒ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚቆልፉት፣ ለክፉ ቀን ተቀምጠዋል።

የጥናት ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሦስት ቀለም የተሠራ ነው፤ እውነት ያምራል። ጂማት በየክፍሉ እስከ 3 መልስ ተመልሶ መቀየር ይፈቅዳል። ጓደኛዬ ደግሞ ፕሮግራሙን በሳምንት ሦስቴ ይቀይራል። በዚህ በኩል ዝግጅቱ ተጠናቋል ማለት እችላለሁ።

ዋናው ጥናት ግን ከሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ድሬ ሙቀቷ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ ፍራሹ ይነጠፋል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ የአወዳዩ ጫት ይዘረጋል። እኔም እገኛለሁ፤ ለሞራል ነው። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ትምህርት ቤት መምረጥ እንጀምራለን። ሃርቫርድን ብርድ አለበት ብለን ጣልነው። ለንደን ዝናቡ በዛ። ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድ ብዙ ድምፅ አገኘ። የከተማችንን ከዚራ ሰፈር የቀየሰው የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ስለሆነ ባይተዋር አንሆንም፣ ከተማውንም እንለምደዋለን ተባለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመርቀናል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ የሚሠራ የጭነት ድርጅት አለን፣ አክሲዮኑንም ተከፋፍለናል። እኔ ስድስት በመቶ ደርሶኛል። ጠዋት ስንነሳ ግን ፍራሹ ላይ ገራባ ብቻ ነው ያለው። ሰኞ ይጀመራል።

አንድ ቀን እንግዲህ መጥፎ ዜና መጣ። በ2016 መጀመሪያ ላይ ጂማት ተቀየረ። ጂኦሜትሪ ወጣ። የሰዋስው ማረሚያው ጥያቄ ወጣ። ድርሰቱም ቀረ። የጓደኛዬ ፍላሽ ግማሹ ጂኦሜትሪ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋጤ ይታመም ነበር። እሱ ትንሽ አሰበና «አየህ፣ ቸኩዬ አጥንቼው ቢሆን ኖሮ ልፋቴ ገደል ገብቶ ነበር» አለኝ። ሌላው ሰው ፈተና ያልፋል፤ ጓደኛዬ ፈተናው ራሱ እስኪያልፍ ጠብቆ ሸኘው።

በገንዘብም ቢሆን አርቆ አሳቢ ነው። ምዝገባው በዶላር ነው፤ ከ200 ዶላር በላይ። ሲጀምር ዶላር በባንክ 50 ምናምን ብር ነበር። «ተወደደ፣ ሲወርድ እከፍላለሁ» አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለና ብዙም ሳይቆይ ዶላር መቶውን አለፈ። እሱ አሁንም እየጠበቀ ነው።

ፈተናው ውስጥ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባል የጥያቄ ዓይነት አለ። ደስ ይለኛል። አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ይሰጡሃል። መልሱን አውጣ አይሉህም። መረጃው መልሱን ለማውጣት ይበቃል ወይ ነው የሚሉህ። አንዱ ለብቻው ይበቃል? ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ? ወይስ ሁለቱም ተደምረው አይበቁም? ለዚህ ጥያቄ እንደ ጓደኛዬ የተፈጠረ ሰው አላየሁም። ላፕቶፕ አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ይበቃል? ሁለቱም ተደምረው አይበቁም። ባለፈው እናቱ ሻሂ ይዘውልን ገቡና ግድግዳውን አይተው «ልጄ፣ ሦስት ዓመት አይበቃም?» አሉት። «አይበቃም እማዬ» አላቸው። ደቂቃ አልፈጀበትም። ትክክለኛ ፍጥነት ነው።

የጂማት ውጤት ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይቃጠላል። የጓደኛዬ ዝግጅት የሚቃጠልበት ቀን የለውም።

ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ማኪያቶ የሚጠጣ ሌላ ጀግና ደግሞ አለን። እሱ ባለፈው ክረምት ተፈትኜ 710 አመጣሁ ይላል። የአሁኑ ጂማት ከ205 እስከ 805 ነው የሚሰጠው። ውጤቱም ሁልጊዜ በ5 ነው የሚያልቀው። 705 አለ፣ 715 አለ፣ 710 የለም። እንግዲህ ፈተናው የማይሰጠውን ውጤት ከፈተናው ተቀብሎ መምጣት ምን ያህል ጥናት እንደሚጠይቅ አስቡት። ማኪያቶውን ብዙ ጊዜ እኛ ነን የምንከፍለው። ምክር ይሰጠናል።

አሁን ደግሞ ወደ አሳዛኙ ጉዳይ ልግባ። ቀፊራ ገበያ እናቷ ቅመም የሚሸጡ አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ገዢ ሲያስተናግዱ እሷ በርበሬው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ቲክቶክ መስሎን ነበር። ለካ በቀን አሥራ አምስት ጥያቄ እየሠራች ነው። አንድ ደብተር ብቻ ነው ያላት፤ ያውም ከጀርባው የዱቤ መዝገብ ነው። የሳተችውን ጥያቄና ለምን እንደሳተችው ትጽፍበታለች። ከነጻዎቹ የሙከራ ፈተናዎች አንዱን ገና ሳትዘጋጅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሠርታ ጨረሰችው! ጨካኝ ናት። ከዚያ ቀን ቆረጠች። ጅቡቲ ያለ አጎቷ በካርዱ ከፈለላት። ለማንም ሳትናገር አዲስ አበባ ሄዳ ተፈትና መጣች። ግሩፕ የላትም። ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ነገር የለም። አንድ ስክሪንሾት እንኳ ስታተስ ላይ አላደረገችም።

645 አመጣች።

በርጫው ላይ ብዙ ተሳቀ። «700 እንኳ አልገባችም!» ተባለ። ባለ 710ሩ ራሱን እየነቀነቀ አዘነላት። አዲሱ 645 በድሮው ሚዛን ወደ 700 የሚጠጋ መሆኑን ላስረዳ አስቤ ነበር። ግን ምርቃናው ጥሩ ቦታ ደርሶ ስለነበር የሰው ደስታ ማበላሸት አልፈለግኩም።

በማግስቱ ጓደኛዬ «ና ቀፊራ እንሂድ» አለኝ። ልጅቱ ዘንድ ደረስን። እናቷ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ዱካ ሰጡን። ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ያነበብሽውን ፒዲኤፍ ላኪልኝ እስቲ» አላት።

«ፒዲኤፍ የለኝም፤ ደብተሬን ፎቶ ላንሳልህ?» አለችው።

ሁሉንም ገጽ አንስታ ላከችለት። የዱቤውንም ጭምር፤ ማን ስንት ኪሎ እርድ እንዳለበት አሁን እናውቃለን። ወደ ቤት ስንመለስ ወደ ፍላሹ ሊገለብጠው ሞከረ። ፍላሹ ሞልቷል። አጥፋ አልኩት ጂኦሜትሪውን። ምን ይታወቃል፣ ሊመልሱት ይችላሉ አለኝ።

ባጃጅ ይዘን ታይዋን ሄድን። ባለ 32 ጊጋ ነበረ፣ ባለ 64 ነበረ። ባለ 64ቱን አነሳ። «64! የጥያቄው ብዛት እኮ ነው» አለኝ ዓይኑ እያበራ። «ይኸ ምልክት ነው አቦ!» ግማሹን እኔ ከፈልኩ።