አላመሰገነችንም

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ ነገር አለኝ። ራሴንም ከእናንተ ለይቼ አላስቀምጥም።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄ የሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለስብሰባ ጠራን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከጣሪያው ማራገቢያዎች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ሰው በደብተር ሽፋን፣ በነጠላው ጫፍ ራሱን ያራግባል። አጀንዳው እንደ ሁልጊዜው ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት፣ ማርፈድ፣ ስልክ ይዞ መምጣት፣ ለአጥር ማሠሪያ የሚዋጣ ገንዘብ። በአጥሩ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨቃጨቅን።

ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው «መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቻችንም መልእክት አለን ብለዋል፤ አምስት ደቂቃ እንስጣቸው» አለ። ሰው መነሳት ጀምሯል። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ያደረገ እንደቆመ ቀረ።

ስድስት ሆነው ወጡ። አንዷን አውቃታለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ነች። ከልጅነቷ ጀምሮ በበራችን ስታልፍ በእጇ ሰላም ትለኛለች፣ እኔም እጄን አወዛውዛለሁ። በእኔና በእሷ መካከል ስንት ዓመት ሙሉ የነበረው ንግግር ይኸው ነው።

ከፊት ቆመች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ለጓደኛዋ ሰጠችውና ጀመረች። ቋንቋውን አላውቅም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ሰሌዳ ጠቆመች። ወደ ዓይኗ ጠቆመች። ቅንድቧን ሰብስባ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፣ ደጋግማ። ጣቶቿን ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ጓደኞቿ እጇን ዘረጋች። ደረቷን መታ መታ አደረገች። ሦስት አራት ደቂቃ ተናገረች፣ ሳታቋርጥ። አሁን ሳስበው ያ የአመስጋኝ ፊት አልነበረም።

አጠገቧ የቆመው አስተርጓሚ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ እንዲህ አለ፦ «ተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን ያመሰግናሉ። ከሌሎች እኩል መማር በመቻላቸው ደስተኞች ናቸው። ወደፊትም ድጋፋችሁ እንዳይለያቸው ይጠይቃሉ።»

በቃ። ይህን ብቻ።

አጨበጨብን። ያውም ሞቅ አድርገን። ከኋላዬ አንዲት እናት «እሰይ የኔ ልጅ፣ እደጊ» አሉ። አንድ ሽማግሌ «ማሻአላህ» አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ዓይኔ እንባ ሁሉ አቅርሮ ነበር።

ልጅቷ ፈገግ አለች።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህችን ፈገግታ ነው። የተናገረችው የገባን መስሏታል። እንደተስማማንላት ቆጥራዋለች። ዞራ ጓደኞቿን አየቻቸው። እነሱም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መዳፋቸውን አርገበገቡ፤ የእነሱ ጭብጨባ እንደዚያ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይሰማል። ከእናቱ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። እናቱ ሸሚዙን ይዛ ብትጎትተውም አልወረደም። እዚያው ቆሞ አስተርጓሚው ምን እንዳለ በእጁ ለእህቱ ነገራት። ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። ግራ እንደገባው ሰው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። መጀመሪያ አስተርጓሚውን አየችው። ቀጥላ እኛን።

ልጁ በቀጭን ድምፁ ጮኸ። «እንደሱ አላለችም! አይገባንም ነው ያለችው! አስተርጓሚ ይቀየርልን ነው ያለችው!»

ሰብሳቢው «ልጄ ተቀመጥ፣ የትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ነው» አለው። ልጅቷ ወረቀቱን ከጓደኛዋ ተቀብላ ወደ ፊተኛው ረድፍ ወረደች። አንድ አባት ተቀበሏትና መነጽር አልያዝኩም ብለው ለጎናቸው አሳለፉት። የጎናቸው ሰው ለጎኑ። ወረቀቱ እጅ በእጅ ሲዞር ስብሰባው ተበተነ።

በሩ ላይ ስንጋፋ አንድ የማውቀው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አቦ፣ ደግሞ ምን ጎደላቸው? ይህም ሲገኝ ነው» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «እሱስ» አልኩ። «እሱስ» ብዬ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ሄድኩ።

ወገኖቼ፣ ይህችን «ይህም ሲገኝ ነው» የምትል ቃል ከአፋችን ማውጣት አለብን። እኛ ድሬዎች ለጋሾች ነን፣ አውቃለሁ። ሰደቃ እንሰጣለን፣ እንመጸውታለን፣ የተራበ በበራችን አያልፍም። ግን የእነዚህን ልጆች ትምህርትም ሰደቃ አድርገነዋል። ሰደቃ የተቀበለ ሰው ደግሞ እንጀራው ሻግቷል አይልም። ቢል ምስጋና ቢስ እንለዋለን። ያ አዳራሽ ልጅቷን ያያት እንደዚያ ነው። ለምስጋና የወጣች ስለመሰለን ሌላ ቃል ከእሷ አልጠበቅንም። አስተርጓሚው የነገረን ልንሰማ የፈለግነውን ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። እናትየው በሩን ከፈተችልኝ። ሰላምታዬን ተቀበለችና «አንተም አጨበጨብክ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። መልስም አልነበረኝም።

የደብዳቤውን ቅጂ አሳየችኝ። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ገጽ። አማርኛው እዚህም እዚያም ይሰናከላል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ የመጀመሪያው እጇ ላይ ያለው ነው። እንዲህ ይላል፦ «መምህር ብዙ አውርቶ ክፍል ሁሉ ሳቀ። እኛ ምን አለ ጠየቅን። አስተርጓሚ ቀልድ ነው ተዉት አለ። መምህር ብዙ አውርቶ ሁሉ ጻፈ። እኛ ምን አለ ጠየቅን። አስተርጓሚ ቆይ አለ። ደወል ተደወለ።»

ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም።

ለሦስት ክፍል አንድ አስተርጓሚ ነው ያላቸው። እሱ ሌላ ክፍል ሲሆን የሰሌዳውን ጽሑፍ ይገለብጣሉ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ። ስብሰባ ከተጠራ ወይም ከታመመ ቀኑ ባዶ ነው። የጠየቁት ብዙ አይደለም። የሠለጠነ አስተርጓሚ ይመደብልን። ሲመደብ ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ይፈተን። እኛም እንጠየቅ፤ ገባን አልገባን የምናውቀው እኛ ነን። ሦስት ጥያቄ። ጣቶቿን ስትቆጥር ያየሁት ይህንን ኖሯል።

ተናድጄ አስተርጓሚውን ፈልጌ አገኘሁት። ልሰድበው ነበር የሄድኩት። ሻሂ ቤት ተቀመጥን። ወጣት ነው። መምህርነት ተቀጥሮ አንድ ክረምት ጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወሰደ። ሲመለስ «በቃ አንተ ታስተረጉማለህ» ተባለ። የራሱን ክፍለ ጊዜም ያስተምራል። «እኔ ስናገር ይሻላል» አለኝ። «እነሱ ሲናገሩ ነው የሚከብደኝ። እጇ ሲፈጥን ግማሹ አመለጠኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ገመትኩ።»

ገመትኩ። የአንዲት ልጅ አቤቱታ በግምት ተተረጎመ። ያውም ስለ እሱ ስለራሱ የቀረበ አቤቱታ። ከሳሽን ተከሳሽ ሲያስተረጉምላት በየትኛው ሸንጎ አይታችኋል? በየትኛው ሽምግልና?

ግን ሻሂውን ሳልጨርስ ንዴቴ ወደ ሌላ ዞረ። ይህን ልጅ ብቻውን እዚያ ያቆመው ማነው? በሙያው የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች እንኳን ብቻቸውን ረጅም ሰዓት አይሠሩም። ሁለት ሆነው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ አእምሮ ሲደክም ትርጉሙ ይበላሻል። እሱን ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻውን ነው ያቆምነው።

ሕጉስ የለም እንዳትሉኝ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያፀደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲናገር በምልክት ቋንቋ ብቁ የሆኑ መምህራን ይቀጠሩ ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ሙያተኛ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይላል። ሙያተኛ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል። የጎደለው ሌላ ነው።

ቀፊራ ገበያን አስቡ። አንዲት ሶማሌ እናት የግመል ወተት ይዛ ተቀምጣለች። አማርኛ አትሰማም። ገዢዋ ሶማሊኛ አትሰማም። መሃል የቆመ ጎረምሳ ያስተረጉምላቸዋል። ጎረምሳው ዋጋው ላይ አሥር ብር ቢጨምር ምን ይሆናል? ከጎን ቃሪያ የምትሸጠው ኦሮሞ ትሰማዋለች። እቃ ጭኖ የሚያልፈው ጉራጌ ይሰማዋል። «አንተ! እሷ እንደዚያ አላለችም!» ብለው አምስት ሰው ይነሳበታል። ድሬ ላይ አስተርጓሚ የማይዋሸው ለዚህ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ሁሉም ምስክር ነው።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ የመጣውን ቋንቋ ሁሉ ስትቀበል ኖራለች። በባቡሩ የሠሩ አዛውንቶች ዛሬም ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። የከተማው ሬዲዮ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያወራል። የድሬ ልጅ በሦስት ቋንቋ ተሳድቦ በአራተኛው ይታረቃል። እንኮራበታለን፣ ያኮራልም። እና በዚያ አዳራሽ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በያዘ አዳራሽ፣ «እንደሱ አላለችም» ያለው አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ብቻ ነው። እሱንም አስቀመጥነው።

ያ ልጅ ጫንቃው ላይ ምን እንደተሸከመ አስባችኋል? ሐኪም ቤት እሱ ነው። ቀበሌ እሱ ነው። እናታቸው የቤት ምልክት እንጂ ቋንቋውን ጠንቅቃ አታውቅም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚሰሙ ወላጆች ናቸው ያሏቸው፤ ቋንቋቸውን የሚያገኙት ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ግምት ከሰጣቸው ምን ይዘው ያድጋሉ? እነዚህ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይወስዳሉ። ሲወድቁ ደግሞ «ምን ያድርጉ፣ አይሰሙ» ብለን ከንፈር እንመጣለን።

ከንፈር መምጠጡን እንተወው እባካችሁ። ጎረቤቴን ስንት ዓመት ከንፈር ስመጥላት ኖርኩ። አንድ ቀን ግን ልጇን አላናገርኳትም። ቋንቋዋ ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ሞክሬውም አላውቅ። ከግቢዬ እስከ ግቢያቸው ሃያ እርምጃ ነው።

አሁን ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። የሚያስተምሩኝ እህትና ወንድም ናቸው። የፊደል ገበታችን በሙሉ በጣት ይጻፋል፤ አላውቅም ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው። ግዕዙን ከካዕቡ፣ ሣልሱን ከራብዑ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ጣቶቼ አርጅተዋል፣ እሺ አይሉም። ባለፈው ሳምንት «ይቅርታ» ብዬ በጣቴ ጻፍኩላት። «ታ» ላይ ተሳሳትኩ። እጄን ይዛ አስተካከለችልኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ሌላ ነገር አልጠበቅኩም።

ደብዳቤው እንደገና ተጽፏል። አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን ኅብረት፣ አንዱ ለትምህርት ቢሮ። ከሥሩ የወላጆች ፊርማ አለ። እስከ ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነን። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሕዝብ ሳስበው አሥራ ዘጠኝ ትንሽ ናት። ግን ከፈራሚዎቹ አንዱ በሩ ላይ «ይህም ሲገኝ ነው» ያለኝ ሰው ነው። ደብዳቤውን አስነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

ሰኔ ላይ ሌላ ስብሰባ አለ። ልጅቷ እንደገና ልትወጣ ነው። ለዚያ ቀን ከውጭ፣ ልጆቹ የሚያምኑት አስተርጓሚ እንዲመጣ ጠይቀናል። መልስ አልተሰጠንም፤ እየተመላለስን ነው። ካልመጣ ደብዳቤው በድምፅ ይነበባል፣ ከመዋጮው በፊት፣ ሰው ሳይነሳ። በዚያ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።