ድሬ ከአሊ በፊትም ታዘፍን ነበር

እዚህ ስለ ድሬ ሙዚቃ የተጻፈው ላይ «የድሬዳዋ ዘመናዊ ሙዚቃ በአሊ ቢራ ተጀመረ» የሚለው አልተዋጠልኝም። የኦሮምኛውን ዘፋኝ አሊን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እሱ ራሱ አፍረን ቀሎ የተባለው የድሬ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ልጅ ነው! ቡድኑን ሲቀላቀል ገና ጎረምሳ ነበር። «ቢራ» የአባቱ ስም አይደለም፣ እዚያው ከዘፈነው ዘፈን የወጣ ነው። የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ቡድን የገባው ከዚያ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ከላይ በአስተያየትህ «ያኔ ለኦሮምኛ ዘፈን መድረክ የት ነበር?» ያልከው ወንድሜ፣ ሰርግ ቤት ነዋ! እናቴ ያደገችው ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው። ሰርግ አለ ከተባለ ሳትጠራ ትሄድ ነበር፣ ዑዱን (ባለ ክሩን የሙዚቃ መሣሪያ) ለመስማት። (ለምግቡም ይሆናል፣ አታምንም እንጂ።) ስለ ድሬ ሙዚቃ ተጽፎ የአፍረን ቀሎው ዘፋኝ አሊ ሸቦ አንድ መስመር እንኳ መነፈጉ ግን ደስ አይልም።