ብራና ጭቃ አይጠብቅም

«ዘውዱ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ቀማ» የሚለው ክስ ሰሞኑን እንደገና ብቅ ብሏል፤ ዘውዱ ማለት የብሪታንያ ንጉሣዊ መንግሥት ነው። ዌልስ ውስጥ በማጎር በኩል፣ የሰቨርን ወንዝ ወደ ባሕር በሚሰፋበት አካባቢ ስላለው ዳርቻ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈን፣ ሲሸሽ የሚገለጥ ጭቃና አሸዋ። የጥንት የድንበር ጌቶችን (በእንግሊዝና በዌልስ ወሰን ይገዙ የነበሩ መኳንንትን) ማዕረግ በገንዘብ የገዛ ሰው፣ ድሮ ለጌቶቹ የተሰጠው ዳርቻም ከማዕረጉ ጋር የእኔ ነው አለ፤ የእንግሊዝና የዌልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዳርቻውን ለረጅም ዘመን ይዞታል ብሎ፣ ለዘውዱ ፈረደ። ይህን «የመንግሥት ዘረፋ» ይሉታል።

መከራከሪያቸው ደግሞ ያስገርማል፦ «በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ የሚውጠውን መሬት ማንም ሊይዘው ስለማይችል ዘውዱም አልያዘውም»። እሺ፤ ታዲያ የማዕረጉ ጌቶች በምን ያዙት? ይህ ክርክር ከማንም በፊት የሚገድለው የራሳቸውን ርስት ነው።

ጭቃን አጥሮ የሚኖርበት የለም። የዳርቻ ይዞታ የሚታየው ዳርቻው በሚሰጠው ጥቅም ላይ ማን እንደሚያዝ ነው። አሸዋ ለሚያወጣው ፈቃድ የፈረመው ማን ነው? ወፍ ለሚያድነው ያከራየው? ጀልባውን እዚያ ካሰረው ሰው ኪራይ የተቀበለው? ያለ ፈቃድ የገባውን ያስወጣው? ዳኛ ፊት የሚቀርበው ይኸው ነው፤ የኪራይ ውል፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ። የድሮ ስጦታ ደግሞ ቃሉ ብዙ ጊዜ ድፍን ነው፤ ዳርቻውን ይጨምር አይጨምር አይለይም። ሲያሻማ የሚተረጎመው ለዘውዱ ነው፤ ይህን የሚገለብጠው ባለስጦታው ለረጅም ዘመን እንደ ባለቤት አሸዋና ድንጋይ ሲያነሣበት መኖሩ ነው። አንድ የ1890 ደረሰኝ ከአሥር ማኅተም ይበልጣል። ደረሰኙ ግን ከሌላው ወገን መሳቢያ ሲወጣስ?

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት አለ። ስጦታ ስላልተሠራበት ብቻ በራሱ አይሞትም። የሚገድለው የሌላ ሰው ይዞታ ነው። ባልተመዘገበ መሬት ላይ ሌላው እንደ ባለቤት 12 ዓመት ከተቀመጠ የስጦታ ብራናውን የያዘው ሰው የመክሰስ መብቱ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይቀራል፣ ባለቤትነቱም አብሮ ይጠፋል። የያዘው ወገን «ድሮም የእኔ ነው» ብሎ በቅንነት ማመኑ ነገሩን አይለውጠውም፤ ያዡ ዘውዱ ራሱ መሆኑም እንዲሁ። ይርጋ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1168 ለ15 ዓመት ተከታታይ ግብር የከፈለን ባለይዞታ ባለቤት ያደርገው ነበር።

«ታዲያ ባለስጦታው ምን ያድርግ?» ያስመዝግብ! ፕላኑን፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን ሰነድና የአጠቃቀም ማስረጃውን ይዞ መዝገብ ቤት ይሂድ። ከጥቅምት 2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተመዘገበ መሬት ላይ 12 ዓመት መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ የያዘው ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ሲያመለክት ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ይቃወማል። ባሕር የጣለውን ዕቃ እንደ መውሰድ ላሉ የንጉሥ ስጦታ መብቶችም መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ 10 ሙሉ ዓመት ተሰጥቷል፤ ያውም ያለ ክፍያ። ከዚያ በኋላ መሬቱን በዋጋ ገዝቶ ያስመዘገበ ሰው ያልሰፈረውን መብት አያከብርም። የተኛን ሰው ከዚህ በላይ ማን ይቀስቅሰው?

አንዲት ነገር አልክድም። ግለሰብ የዘውዱን ዳርቻ በይዞታ ለመውሰድ 60 ዓመት ያስፈልገዋል፤ ዘውዱ ግን በግለሰቡ ላይ 12 ዓመት በቃው። ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ ፓርላማው ያስተካክለው። ለማጎሩ ባለማዕረግ ግን ምን ይፈይድለታል? ቁጥሩን ቢያስተካክሉለትም የሚያቀርበው ደረሰኝ የለውም።

ዘራፊ የተባለው ዘውድም ቢሆን ዛሬ በእጁ ያለው የእንግሊዝና የዌልስ ዳርቻ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው የማዘጋጃ ቤቶች፣ የቅርስ ማኅበራትና የግለሰቦች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ሥሩ የንጉሥ ስጦታ የሆነ አለ። እነሱን ማንም አልቀማቸውም፤ ኪራያቸውን ይሰበስባሉ።