ጎበዝ ልጅ እጇን አያማትም

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዘዋወረውን ቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም፤ የ9 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሎ በዓመት መዝጊያ ኮንሰርት ፒያኖ ትጫወታለች፣ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። እኛም እናጨብጭብ እንጂ! እንዲህ ያለ የወላጅ ጽናት ሳይመሰገን ቢቀር ነውር ነው።

በተለይ ወንበሩ ይመስገን። ለፒያኖው ብድር የገባ ቤት ከፍና ዝቅ የሚል መቀመጫ መግዛት ብክነት መሆኑ ገብቶታል፤ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ምን ጎደለው? ልጅቷ ስትቀመጥ ክርኗ ከኪቦርዱ በታች ይውላል፤ ስለዚህ መዳፏን ወደ ኋላ ቀልብሳ ትጫወታለች፣ ጅማቶቿም በጠባቧ የአንጓ መተላለፊያ እየተፋተጉ ያልፋሉ። መድኃኒቱ ትራስ ነው። ትራስ ሲጨመር ክርን ተስተካከለ፣ እግር ግን ከወለል ተነሳ። እግር ከተንጠለጠለ ወገብ ይጎብጣል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። ሁለተኛ ትራስ ሲመጣ ልጅቷ መንሸራተት ትጀምራለች፤ አያት ከኋላ ይይዟታል። አያት ሲደክማቸው አጎት ይተካል፣ አክስት ጉልበቷን ትደግፋለች። ቤተሰቡ በሙሉ አንዲት ልጅ ይዞ ሶናቲና የሚባለውን አጭር የፒያኖ ድርሰት ይለማመዳል። ከእግሯ ሥር አንድ ሳጥን ማስቀመጥ ግን ለማንም አልታየውም።

መምህሩም ምስጋና አይነፈጉ። በድርሰቱ በአንድ እጅ አብሮ የሚመታው ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ኖታ እስከ ስምንተኛው ያለው ርቀት፣ በመደበኛ ፒያኖ ላይ 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የልጅቷ እጅ ተወጥሮ 15 ቢደርስ ነው። አንዱን ኖታ መተው ወይም በግራ እጅ ማንሳት ይቻል ነበር፤ ግን ለጎረቤት ልጅ የተሰጠው ድርሰት ከበለጠስ? ፈተና ሲቃረብ ልምምዱን ከ30 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ማድረስም ጥበብ ነው። በየ20 ደቂቃው ተነስቶ እጅ ማሳረፍ የሰነፍ ነዋ።

ቀልዱ ይቅር። ልጅ ሌሊት ጣቷ ደንዝዞ ስትነቃ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ሲነኳት ስትጮህ፣ ያ ስንፍና አይደለም፤ ጉዳት ነው። ልምምዱ በዚያው ቀን ይቆማል፣ ሐኪም ያያታል። የታመመ እጅ በፋሻ ጠቅልሎ መድረክ ላይ ማውጣት ጭካኔ ነው፤ የሚያጨበጭበውም ተባባሪ ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ለመሆኑ ምን ያስጨንቃል? ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ስክሪያቢንም በወጣትነቱ ከባድ ድርሰቶችን አለልክ ሲለማመድ ቀኝ እጁን ጎድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ለግራ እጅ ብቻ ፕሪሉድና ኖክተርን የተባሉ አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች ጽፏል። እናላችሁ፣ የልጅቷ ግራ እጅ ገና አልተነካም። ከነገ ጀምሮ በቀን 2 ሰዓት ማሠራት ነው።