ተዉ ያገሬ ልጆች፣ ሳናውቃቸው አንማቸው

አሜሪካ ያላችሁ ያገሬ ልጆች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ቅር አይበላችሁ። ቡና ላይ ተቀምጠን ጥቁር አሜሪካኖችን ሰነፍ ናቸው፣ ዌልፌር ጠባቂ ናቸው እያልን ስናማ ልጆቻችን ይሰማሉ እኮ። ለመሆኑ ሳጅን ጆርጅ ጆርዳን ማን እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቴነሲ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. ወታደር ቤት ገባ፣ ማንበብና መጻፍ እንኳን የተማረው እዛው ነው፣ በዘጠነኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ሳጅን እስከመሆን ደረሰ። በሜይ 1880 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 25 ሰው ይዞ ስንቅ እያጀበ ሲሄድ፣ አፓቼዎች (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው) ቱላሮሳ ያለውን መንደር ሊመቱ ነው የሚል መልእክት ማታ ደረሰው፣ ወታደሮቹ ደክሟቸዋል፣ ግን ትችላላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው እንሂድ አሉት፣ ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት ገቡ፣ አጥር አጥረው ነዋሪውን እዛ ውስጥ ሰበሰቡትና ከ100 በላይ ተዋጊ ሲመጣባቸው መልሰው አባረሩት። (አፓቼዎቹም መሬታቸውን የተቀሙ ሰዎች ናቸው፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም፣ ትናንት ባሪያ የነበረውን ሰው በተቀማው ሰው ላይ ያዘመተው መንግስት ነው።) በ1881 ደግሞ ካሪዞ ካንየን ላይ ጠላት ጓዶቹን እንዳይከብባቸው ቦታውን ሳይለቅ ተዋጋ። በ1890 ሜዳል ኦፍ ኦነር ተሸለመ፣ አሜሪካ ከሱ በላይ የጦር ሜዳል የላትም።

ጡረታ ወጥቶ ክራውፎርድ፣ ነብራስካ ብቻውን ይኖር ነበር። በ1904 ሲታመም ሐኪሙ ፎርት ሮቢንሰን የሚባለው የጦር ሰፈር ሆስፒታል እንዲያስገቡት ሁለት ጊዜ ጠየቀለት፣ ሁለቴም እምቢ አሉ። ሞተ። የጦሩ ቄስ ራሱ ተገቢውን እንክብካቤ አጥቶ ነው የሞተው ብሎ ጻፈ። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው!

እና እኛ በማን ትግል ነው እዚህ የገባነው? ድሮ አሜሪካ ለመግባት የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር፣ ያን የኮታ ሕግ የሻረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው እነዚህ የምናማቸው ሰዎች በውሻና በዱላ እየተባረሩ ለሲቪል ራይትስ በታገሉበት ዘመን ነው። ታዲያ ልጃችሁ ፌብሩዋሪ ላይ ስለጥቁሮች ታሪክ የቤት ስራ ይዞ ሲመጣ ይሄ የነሱ ነው እኛን አይመለከትም አትበሉት፣ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ጎረቤታችሁም ብቻውን የሚኖር ጥቁር ሽማግሌ ቬተራን ካለ በሩን አንኳኩ፣ ስሙን ጠይቁት፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ካለው መኪና አለን አይደል፣ እናድርሰው።